ለሊት 4 ጊዜ እነቃለሁ፣ ቀን ደክሞኝ እውላለሁ፣ ሆርሞኑ ነው ወይስ ታምሜ ነው? ለኮዬዋ እህቴ

ጥያቄሽን ሶስቴ አነበብኩት እህቴ። ሌላም ሰው እንዲገባው ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው። 27 አመትሽ ነው፣ ትራንስ ሴት ነሽ (ስትወለጂ ወንድ ተብለሽ የተመዘገብሽ ሴት)፣ ውጭ ሀገር እያለሽ በሀኪም ክትትል ሆርሞን ከጀመርሽ 7 ወር ሆኖሻል፣ እናትሽ ሲታመሙ ከ4 ወር በፊት ተመልሰሽ አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ከሳቸውና ከአክስትሽ ልጅ ጋር ትኖሪያለሽ። የምትወስጂው ኢስትራዲዮል (ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን አይነት) 2 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ስፓይሮኖላክቶን (የወንድ ሆርሞን የሆነውን ቴስቶስትሮን የሚያግድ) 100 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው። ለሊት 3 ወይ 4 ጊዜ ትነቂያለሽ፣ ቀን ላይ ድሮ ሁለት ጀሪካን ይዘሽ ትወጪው የነበረውን ደረጃ አሁን አንድ ይዘሽ መሀል ላይ ሁለቴ ትቆሚያለሽ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄደሽ ሄሞግሎቢንህ 13.2 ነው ደም ማነስ አለብህ ብለው የአይረን ክኒን ሰጡሽ፣ ያው እሱንም ከወሰድሽ ሶስት ሳምንት አለፈሽ ምንም ለውጥ የለም። ክኒኑ እንዳያልቅብሽ ደሞ አንዳንድ ቀን ትዘያለሽ። እና መጨረሻ ላይ "ሆርሞኑ ነው ወይስ ታምሜ ነው፣ ላቁመው ወይ?" ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ የውስጥ ደዌ ሀኪም ነኝ፣ ይበልጥ የምሰራው የሆርሞን ችግር ላይ ነው፣ የምኖረውም ለገጣፎ በኩል ስለሆነ የዳር ሰፈር ኑሮ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ አታቁሚው። ወይም ማቆም ካማረሽ እንኳን ከጀመረልሽ ሀኪም ጋ ተነጋግረሽ ነው እንጂ ደክሞኛል ብለሽ አንድ ማታ ተነስተሽ አይሆንም። አሁን የነገርሽኝን ሁሉ አንድ ላይ ሳየው አብዛኛው የክኒን ሰአት፣ የቡና፣ የውሃ ፈረቃና በተሳሳተ መስፈሪያ የተነበበ የላቦራቶሪ ወረቀት ጉዳይ ነው የሚመስለኝ፣ እና እነዚህ ሁሉ ሆርሞኑን ሳይነኩ የሚስተካከሉ ናቸው።

ከለሊቱ እንጀምር ምክንያቱም የለሊቱ ካልተፈታ የቀኑ ድካም ከየት እንደመጣ ማወቅ አንችልም። አንድ አረፍተ ነገር ጽፈሽ አልፈሻል፣ "ስነቃ ሁሌ ሽንቴ መጥቶ ነው" ብለሽ። ለኔ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው። ስፓይሮኖላክቶን እኮ መጀመሪያውኑ ሽንት የሚያስወጣ መድሀኒት ነው፣ እዚህ ሀገር ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ የምናዘው ልቡ ለደከመ፣ በጉበት በሽታ ሆዱ ውሃ ለያዘ፣ ግፊቱ አልወርድ ላለው ሰው ነው። የቴስቶስትሮንን ስራ ማገዱ ጎን ለጎን ያለው ባህሪው ነው፣ አንቺም የምትወስጂው ለሱ ነው፣ ግን ኩላሊትሽ ለምን እንደዋጥሽው አያውቅም፣ ጨውና ውሃ ያስወጣል በቃ። ማታ 3 ሰአት ላይ እራት በልተሽ 100 ሚሊግራም ከዋጥሽ በኋላ ለሊት 6 እና 8 እና 10 ሰአት ላይ ብትነቂ አይገርመኝም። ስለዚ የማታውን ወደ ቀን አምጪው፣ አንዱን ጠዋት 1 ሰአት ከቁርስ ጋር፣ ሁለተኛውን ከሰአት በኋላ 8 ሰአት ላይ ከምሳ ጋር። መጠኑ ያው ነው፣ ሰአቱ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ለሀኪምሽም በመልእክት ንገሪው። የዚ መድሀኒት ርዝራዥ ሰውነት ውስጥ ረዘም ብሎ ስለሚቆይ በአንድ ቀን ለውጥ አትጠብቂ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ስጪው። 4 ጊዜ የነበረው ወደ 1 ከወረደ ግማሹን መንገድ ሄድን ማለት ነው። በዛው ከምሽቱ 1 ሰአት በኋላ ውሃም ሻይም ቀንሺ፣ ግን ቀን ላይ በደንብ ጠጪ፣ ቀኑን ሙሉ ተጠምቶ ውሎ ማታ ላይ አንድ ሊትር ማንቆርቆር ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ቡናው። ከስራ ስትገቢ እናትሽ አፍልተው ይጠብቁሻል፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ከሳቸው ጋ ነው የምትጠጪው፣ ሰአቱ ከምሽቱ 12 ተኩል ወይ 1 ሰአት። በዚ ላይ ማንም ሀኪም አስቦ የማይነግርሽ ነገር አለ። ኢስትሮጅን ጉበት ካፌይንን የሚያፈርስበትን መንገድ ያዘገየዋል። ጤነኛ ሰው ላይ የጠጣው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰአት አካባቢ ይፈጅበታል፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ላይ ሲለካ ወደ እጥፍ ገደማ ነው የሚረዝመው፣ ካረጡ በኋላ ኢስትሮጅን የሚወስዱ ሴቶችም ላይ መዘግየቱ ታይቷል። ስለዚ ድሮ ሶስት ስኒ ጠጥተሽ እንደ ድንጋይ ትተኚ ከነበረ አሁን ያው ሶስት ስኒ እኩለ ለሊት ድረስ ደምሽ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከእናትሽ ጋ ያለውን ቡና ተይው አልልሽም፣ ታመው ላሉ እናት ያቺ ሰአት ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ቁጭ በይ፣ አፍይላቸው፣ እጣኑንም አጭሺ፣ አንቺ አቦሏን ብቻ ቅመሺና ተያቸው፣ ወይም ቅዳሜና እሁድ ቡናውን ወደ ረፋድ አምጡት። ለሁለት ሳምንት ሞክሪውና ልዩነቱን እዪ።

የውሃ ፈረቃውን ነገር ሳነብ አዘንኩ። በሳምንት ሁለት ለሊት 8 ሰአት ላይ ውሃ ሲመጣ በርሜል ለመሙላት የምትነሺው አንቺ ነሽ፣ እሱ ብቻውን እንቅልፍ ይሰብራል፣ ሰውነት አንዴ በ8 ሰአት መንቃት ከለመደ ውሃ በማይመጣበትም ቀን በ8 ሰአት ይነቃል። የአክስትሽ ልጅ 19 አመቱ ነው ብለሻል፣ አንዱን ለሊት እሱ ይያዘው። ለምን ማለት አይጠበቅብሽም፣ ጠዋት 12 ሰአት ሰልፍ ላይ መቆም አለብኝ በይው፣ እውነት ነው ደሞ።

አሁን አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ፣ ስትነቂ ላብ አለ ወይ? ትራሱ ይርሳል? ድንገት ከደረት ወደ ፊት የሚወጣ ሙቀት አለ? ያ ካለ ሌላ ታሪክ ነው። ቴስቶስትሮን ታግዶ ኢስትሮጅኑ ደሞ በቂ ሳይሆን ሲቀር ሰውነት እንዳረጠች ሴት ነው የሚሆነው፣ ሙቀት፣ የለሊት ላብ፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ስሜት መውረድ፣ ድካም፣ ቆይቶም አጥንት መሳሳት። እና ክኒን መዝለልሽ ቀጥታ ወደዚ ነው የሚወስድሽ። ኢስትራዲዮሉን አንድ ቀን ወስደሽ አንድ ቀን ስትዘይ አእምሮሽ ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ በየቀኑ ይደናገራል፣ ያ እኮ ከቀን ቀን የሚዋዥቅ ጉልበት ማለት ነው። ያለሽን ክኒን ቁጠሪውና ስንት ሳምንት እንደሚበቃሽ አሁኑኑ ለሀኪምሽ ጻፊለት፣ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው አይደለም። እጥረት ካለ ምኑ እንደሚቀነስ፣ እንዴት እንደሚቀነስ እሱ ይወስን፣ አንቺ በግምት አትዝለይ። እባክሽ ደሞ ያለቀ ቀን ፋርማሲ ሄደሽ የወሊድ መከላከያ ክኒን ገዝተሽ በሱ አትተኪው። እሱ ውስጥ ያለው ኢቲኒል ኢስትራዲዮል የሚባል ሌላ አይነት ነው፣ ደም የማርጋት አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ለዚህ ህክምና መጠቀም ከቀረ ቆይቷል።

እዚሁ ላይ እያለሁ፣ የለሊት ላብ ሲባል ሀገራችን ውስጥ ሌላም የምናስበው ነገር አለ። ላቡ ልብስ የሚያስቀይር ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ፣ ኪሎ እየቀነስሽ ከሆነ ሆርሞን ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ የቲቢ ምርመራ አድርጊ፣ በጤና ጣቢያ ነጻ ነው። ቲቢ ሆኖ ቢገኝም ሪፋምፒሲን የሚባለው መድሀኒት ኢስትራዲዮልን ቶሎ ቶሎ ከሰውነት ስለሚያስወጣ ሀኪምሽ ማወቅ አለበት። አንቺ ግን ሳልም ኪሎ መቀነስም የለም ብለሻል፣ እንዲያውም 3 ኪሎ ጨምረሻል፣ ስለዚ ብዙ አላሰብኩበትም።

የቀኑ ድካም። እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የተሰጠሽ መልስ ልክ አይመስለኝም። ላኪልኝ ብዬ ሳልጠይቅሽ የድሮውን ውጤትሽንም ጽፈሽልኛል፣ ተባረኪ፣ ሆርሞን ሳትጀምሪ ሄሞግሎቢንሽ 15.4 ነበር፣ አሁን 13.2። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዝ ሆርሞን ነው፣ ወንድና ሴት በሄሞግሎቢን የሚለያዩት ዋናው ምክንያት እሱ ነው። ቴስቶስትሮን ሲወርድ በ3 እና 4 ወር ውስጥ ሄሞግሎቢን ወደ ሴቶች ልክ ይወርዳል፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ በሽታ አይደለም። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ግን ወንድ ተብሎ ስለተሞላ ከ13.5 በታች ሲሆን ማሽኑ ራሱ ቀስት አድርጎ ዝቅ ብሏል ይላል። በሴት መስፈሪያ ቢነበብ ከ12 በላይ ነው፣ ደህና ነው። ክሊኒኩ ያላወቀውን አልፈርድበትም፣ አልተነገረውም፣ አንቺም የማትነግሪበት ምክንያት አለሽ። ግን ባልተረጋገጠ የደም ማነስ አይረን እየዋጡ ሆድ ድርቀት መሰቃየት ትርጉም የለውም።

በሌላ በኩል ዝም ብዬ ደህና ነሽ ብዬም አልለቅሽም። 15.4 የተለካው ባህር አጠገብ ያለ ከተማ ነው፣ 13.2 ደሞ ከ2,000 ሜትር በላይ እዚ አዲስ አበባ። ከፍታ ላይ የብዙ ሰው ሄሞግሎቢን ትንሽ ይጨምራል፣ የአለም ጤና ድርጅትም በዚ ከፍታ ወደ 1 ግራም ገደማ ቀንሳችሁ አንብቡት ነው የሚለው። ያ ከተደረገ 12 አካባቢ ትሆኛለሽ፣ ድንበሩ ላይ ማለት ነው። (የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 3,500 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደጋ ሰዎች ሄሞግሎቢን ቆላ ካለ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል፣ ስለዚ ይሄ ቅነሳ ለኛ ደጋ ሰው ልክ እንደሌላው አለም ነው ብሎ መደምደምም ያስቸግራል።) ለዛ ነው ፌሪቲን አሰሪ የምልሽ፣ የአይረን ክምችት የሚያሳየው እሱ ነው። ከ15 በታች ከሆነ እውነትም አይረን ጎድሎሻል፣ ክኒኑን ቀጥዪ ግን ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰአት አርቀሽ። ደህና ከሆነ ተይው። ጾም አጥባቂ ነሽ ብለሻል፣ ረቡዕና አርብን፣ አብይ ጾምን 55ቱን ቀን ስታስቢው በአመት ውስጥ ስጋ፣ እንቁላልና ወተት የማትቀምሺበት ቀን ብዙ ስለሆነ ቫይታሚን ቢ12ም ቢታይ አይጠላም።

ስለ ጾሙ ሌላም አለኝ። እስከ 9 ሰአት ውሃ እንኳን ሳትቀምሺ ስፓይሮኖላክቶን ጠዋት ከወሰድሽ ግፊትሽ ሊወርድ ይችላል፣ ከወንበር ስትነሺ አይንሽ የሚጨልመው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ጉልበትሽ የሚከዳሽ ምናልባት እሱ ነው። ሶስት ጠዋት ያህል ግፊትሽን ተኝተሽ አንዴ፣ ተነስተሽ ከ3 ደቂቃ በኋላ አንዴ ለኪው፣ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ ያ ነው ምክንያቱ። የንስሀ አባትሽ መድሀኒት እንደምትወስጂ ብቻ ብትነግሪያቸው ይበቃል፣ ምን መድሀኒት እንደሆነ ማስረዳት የለብሽም፣ ለመድሀኒት ጾም ቀደም ብሎ መፍታት አዲስ ነገር አይደለም።

ፖታሲየም የሚባል ነገርም አለ፣ ስፓይሮኖላክቶን ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ ከልክ ሲያልፍ ጡንቻ ያዝላል፣ ልብ ያዛባል። አንቺን በመሰለ ወጣት፣ ኩላሊቱ ደህና በሆነ ሰው ላይ ብዙ አይታይም፣ አትደንግጪ። ግን በመጀመሪያው አመት በየ3 ወሩ ፖታሲየምና ክሬያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሰራ የሚያሳየው) መታየት አለበት፣ አንቺ ከመጣሽ ወዲህ አልታየሽም። ለወገብሽ የምትውጪው ዳይክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ ከዚ መድሀኒት ጋ አይስማማም፣ ኩላሊቱንም ፖታሲየሙንም ያስቸግራል፣ በፓራሲታሞል ቀይሪው። ለተቅማጥ ወይ ለሽንት ኢንፌክሽን ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ቢያዙልሽም ስፓይሮኖላክቶን ላይ ነኝ ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ፖታሲየም በጣም ከፍ ያደርጋሉ። ስፓይሮኖላክቶን እወስዳለሁ ማለት ደሞ ምንም አይገልጥብሽም፣ የግፊት መድሀኒት ነው፣ አያቶቻችንም ይወስዱታል።

ጀሪካኑ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደድሮው ላይሆን ይችላል። የጡንቻ መጠንና ጉልበት ከሄሞግሎቢኑ ቀስ ብሎ ነው በመጀመሪያው አመትና ከዛም በኋላ የሚቀንሰው፣ ስለዚ ሁለት ጀሪካን የነበረው አንድ ቢሆን ሰውነትሽ የተበላሸ አይምሰልሽ። መሀል ላይ ሁለቴ መቆሙ ግን እንቅልፍ በሌለው ሰውነት ላይ ስለተደረበ ነው፣ እንቅልፉ ሲመለስ ይሻላል ብዬ እጠብቃለሁ። ደረጃውን አትሽሺው፣ ባዶ እጅሽንም ቢሆን ውጪው፣ በተቻለ መጠን ጡንቻሽን አሰሪው፣ ያለስራ ሲተውት ነው ቶሎ የሚሄደው። ታይሮይድሽንም አንዴ እዪው፣ እናትሽ እንቅርት አለባቸው ስላልሽ ነው፣ ቲኤስኤች የሚባለውን።

አሁን ደሞ ክኒንም ላቦራቶሪም የማይነካው ነገር። "ጆሮዬን ከፍቼ ነው የምተኛው" ብለሻል። ከአክስትሽ ልጅ ጋ አንድ ክፍል ነሽ፣ ክኒኑን ዱቄት እቃ ውስጥ ነው የምትደብቂው፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጫለሽ። እንደዚ የሚኖር ሰው እንቅልፍ ጥልቅ አይሆንም፣ ሰውነት ዘብ ቆሞ አይተኛም። ይሄን ሆርሞን ነው ብዬ ብነግርሽ እዋሽሻለሁ። ኔዘርላንድ ውስጥ ሆርሞን ሲጀምሩ እንቅልፋቸው በመሳሪያ የተለካ ትራንስ ሰዎች ነበሩ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው፣ ከ3 ወር በኋላ የእንቅልፍ አወቃቀር ለውጥ ጎልቶ የታየው ቴስቶስትሮን የጀመሩት ላይ ነው፣ እንዳንቺ ኢስትሮጅንና ማገጃ የጀመሩት ላይ ይህን ያህል አልተቀየረም። ስለዚ ለሊቱን ሁሉ በሆርሞኑ አታሳብቢ። የሚቆለፍ ትንሽ ሳጥን ግዢ፣ ሲመሽ ስለ መደበቂያው ማሰብሽ እንዲቀር። አንድ የምታምኚው ሰው ካለ፣ ውጭም ያለ ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ሳትፈሪ አውሪ። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ከለሊቱ 10 ሰአት ነቅተሽ በጭንቀት የሚነጋብሽ ከሆነ፣ መኖር ካስጠላሽ ግን ይሄ ድባቴ ነው፣ የራሱ ህክምና አለው፣ ለሀኪም "እንቅልፍ የለኝም፣ ተስፋ ቆርጫለሁ" ማለት ብቻ በቂ ነው፣ ስለቀረው ማውራት ግዴታሽ አይደለም። ራስሽን የመጉዳት ሀሳብ ከመጣ ግን ለነገ አታሳድሪው፣ የዛኑ እለት ሰው ጋ ሂጂ፣ ብቻሽን አትቀመጪ።

ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያስተኛ ክኒን ጓደኛዬ ሰጠችኝ ብለሻል፣ አትጀምሪው። ሳምንት ያስተኛሻል ከዛ ያለሱ አትተኚም፣ ለሊት ለሽንት ስትነሺም በዛ ደረጃና መብራት በሌለበት ኮሪደር ያስወድቅሻል።

ይሄን የሚያነብ ቴስቶስትሮን የሚወስድ ወንድም ካለ ያንተ ነገር ተቃራኒው ነው። ሄሞግሎቢንህ ይወጣል፣ ከፍታውም ይጨምርበታል፣ ሄማቶክሪትህ (ከደምህ ውስጥ የቀይ ሴል ድርሻ በመቶኛ) ከ50 ሲያልፍ ሀኪምህን አማክር፣ 54 ከደረሰ መጠኑ መታየት አለበት። ማንኮራፋት ከጀመርክ፣ ተኝተህ ትንፋሽህ ይቆማል ካሉህ፣ ጠዋት ራስህን አሞህ ከተነሳህ ዝም አትበል። በየ2 ሳምንቱ የምትወጋ ከሆነና ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት እንቅልፍ አጥተህ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የምትዝል ከሆነ መጠኑን ለሁለት ከፍለህ በየሳምንቱ መውጋት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል፣ አሁንም ከሀኪምህ ጋ።

ወደ አንቺ ልመለስ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ስትተነፍሺ ደረትሽን ከወጋሽ ያ ድካም አይደለም፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዛው ሰአት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ እዛ ስትደርሺ ደሞ ኢስትሮጅን እወስዳለሁ ብለሽ ተናገሪ፣ እዚ ላይ መደበቅ ህይወት ያስከፍላል።

ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ)፣ ፌሪቲን፣ ፖታሲየም፣ ክሬያቲኒን፣ ቲኤስኤች አሰሪ፣ ከተቻለም ጠዋት ክኒን ሳትወስጂ ኢስትራዲዮልና ቴስቶስትሮን። የአሜሪካው ኢንዶክሪን ሶሳይቲ (የሆርሞን ባለሙያዎች ማህበር) በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ኢስትራዲዮል በሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 200 ፒኮግራም፣ ቴስቶስትሮን በዴሲ ሊትር ከ50 ናኖግራም በታች ነው የሚለው፣ ላቦራቶሪው በሌላ መለኪያ ሊጽፍ ስለሚችል ቁጥሩን ከነመለኪያው ገልብጪው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱንና በየለሊቱ ስንት ጊዜ እንደነቃሽ የጻፍሽበትን ላኪልኝ፣ ላብ የነበረበትን ለሊትና ውሃ የመጣበትን ለሊት ምልክት አድርጊበት።